ሰርቨር ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ አልጋ

የአናጢ_ልጅ | ጥቅምት 13፣ 2018 | ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ዜናውን ያልሰማችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ተቀመጡ። ቢቻል የጅማ በርጩማ ላይ። እሱ ኔትወርክ ባይኖርም ይቆማል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፣ የአማዞን ሰርቨሮች ተንገዳገዱ። አማዞን ስል ዕቃ ሻጩን ብቻ አይደለም። ስንትና ስንት ኩባንያ ኮምፒውተር የሚከራየው ከእሱ ነው፤ “ክላውድ” የሚሉት ይህንን ነው። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ባለው ማዕከሉ የአንድ ትልቅ ዳታቤዝ አድራሻ ዲኤንኤስ ከሚባለው የኢንተርኔት አድራሻ መዝገብ ላይ ጠፋ። ሀከር አልገባ፣ ሽቦ አልተቆረጠ። መዝገቡን የሚያድሱት አውቶማቲክ ፕሮግራሞች እርስ በርስ ተቀዳደሙና አንዱ የሌላውን ሥራ ሰርዞት ቁጭ አለ። ቤቱ አለ፣ ሰፈሩ አለ፣ የቤት ቁጥሩ የለም። ስናፕቻት፣ ሮብሎክስ፣ ሲግናል ሁሉ ተያይዘው ተንጫጩ።

እኛ ጋ ጠዋት 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ቡና እየተቆላ። እዚያ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰው አልጋው ላይ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ኤይት ስሊፕ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አለ። ፍራሽ ላይ የሚለበስ፣ ውስጡ ውኃ እየተዘዋወረ ሰውን የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ነገር ይሸጣል። ዋጋው ከ2,000 ዶላር ይበልጣል። በዚያ ላይ የደንበኝነት ክፍያ አለው። አዎ፣ ለአልጋ። የሚታዘዘው በስልክ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ለአልጋው በቀጥታ አይነግረውም፣ በሰርቨር በኩል ነው። ሰርቨሩ ሲወድቅ አልጋው ትእዛዝ አልሰማ አለ። አንዱ በሙቀት ተቀቀልኩ ይላል። ሌላው ራስጌው ቀና እንዳለ ቀረብኝ ይላል። የኩባንያው ኃላፊ ይቅርታ ጠይቆ፣ ያለ ኢንተርኔት በብሉቱዝ የሚሠራበትን መንገድ በጥድፊያ አወጡ።

አባቴ አልጋ ይሠራል። ይህን ሳነብለት የአንድ ራስጌ ቋሚ በብርጭቆ ወረቀት እያሸ ነበር። እጁን አላቆመም።

“ከአልጋው መውረድ አቃታቸው?”

“ኧረ ይወርዳሉ አባ።”

“ታዲያ ምንድነው ችግሩ?” ብሎ ማሸቱን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ “ሲጢጥ ይላል ወይ?” አለኝ።

“ምኑ?”

“የነሱ አልጋ። ሲገላበጡበት።”

“አይልም መሰለኝ።”

“እሱስ ጎበዞች ናቸው” አለና አቧራውን እፍ አለው።

እኔ እየሳቅኩ የሄድኩት ሰውዬ ለአሜሪካኖች አድናቆት ይዤ ተመለስኩ። ለማንኛውም “አልጋ በአልጋ” የሚለው አባባል እንዲከለስ ሐሳብ አቀርባለሁ።

---

ኮቺ_በር | ማታ 2፡14

ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ሌላ ቃል የለኝም።

---

ዝናብ_አያባራም | ማታ 2፡19

ክላውድ ማለት ደመና ከሆነ ቨርጂኒያ ድረስ ምን አስኬዳቸው? ጅማ ይምጡ። ከመጋቢት እስከ መስከረም በነፃ እናቀርባለን።

---

ስም_አይጠየቅም | ማታ 2፡22

“አልጋ ወራሽ” የሚለው ማዕረግ አሁን ገባኝ። አባትህ ሲሞት አልጋውን ከነወርሃዊ ክፍያው የምትወርስ ማለት ነው። አባ ጅፋር ይህን ቢሰሙ ጅሬን ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት ለቀው ይወጡ ነበር።

---

ጀንፈል | ማታ 2፡41

ከአጋሮ መንገድ ነው የምጽፈው፤ ኔትወርኩ ስለሚመጣና ስለሚሄድ ቢቆራረጥ ይቅርታ።

እናንተ በሰው አልጋ ትስቃላችሁ። የኔ አልጋ ኢንተርኔት ሳይኖረውም ደመና ሲመጣ ሥራ ያቆማል። ቡና የምናሰጣበትን ነው የምለው። ከእንጨትና ከወንፊት ሽቦ የተሠራ፣ ሰው ወገብ የሚደርስ። እሸቱን ትዘረጋለህ፣ በእጅህ ታገላብጣለህ፣ ፀሐይ ሲበረታ ትሸፍናለህ፣ ሲመሽ ትሸፍናለህ። እርጥበቱ 12 በመቶ አካባቢ እስኪወርድ ሁለት ሦስት ሳምንት አልጋውን እንደ አራስ ትጠብቀዋለህ።

አሁን ለቀማው ተጀምሯል። ትናንት ከሰዓት ሰማዩ ክፍት ነበር። ለምሳ ገባሁ፣ አንድ እንጀራ አልጨረስኩም፣ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ሰማሁ። በባዶ እግሬ ነው የሮጥኩት። የመጀመሪያውን አልጋ ላስቲክ አለበስኩት። ሁለተኛው ጋ ስደርስ ላስቲኩ የለም። የታናሽ ወንድሜ ልጆች ወስደው ቤት ሠርተውበታል። ከነጎረቤቶቻቸው ውስጡ ቁጭ ብለዋል። ዝናቡን እያዩ “አጎቴ ግባ፣ ትበሰብሳለህ” አሉኝ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ንብረቱን ደመና ላይ አስቀምጦ የሚተኛ ሰው ቡና አስጥቶ አያውቅም።

---

የአናጢ_ልጅ | ማታ 2፡45

@ጀንፈል ሞትኩ። “አጎቴ ግባ” ኪኪኪኪ። ቡናውስ?

---

ጀንፈል | ማታ 2፡58

ገብቼ ከነሱ ጋር ቁጭ አልኩ፣ ምን ላርግ። ቡናው ለቤት ይሆናል።

---

ጡረተኛው | ማታ 3፡05

ልጆች፣ ብዙ አትሳቁ።

እኔ ዕድሜዬ 64 ነው። ባለቤቴ ሙቀት ትወዳለች፣ እኔ ቀዝቃዛ። ከ30 ዓመት በላይ አንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት ኖረናል። እሷ ትጎትታለች፣ እኔ እለቃለሁ። ከዚያ እሷ ይሞቃትና እኔ ላይ ትጥለዋለች። አሁን ያ አልጋ ግራና ቀኙን ለየብቻ ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል ሲሉ አነበብኩ። አንዱ ወገን 4ኛ ፎቅ፣ አንዱ ወገን ምድር ቤት ማለት ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። ይህን የፈጠረ ሰው ትዳር ያውቃል።

ገንዘቡ ቢኖረኝ እገዛ ነበር። ሰርቨር በዓመት አንድ ቀን ቢወድቅ ባለቤቴ በየቀኑ ነው የምትጎትተው።

---

ኮቺ_በር | ማታ 3፡09

ጋሼ አከበርንዎ። ግን ሁለት ብርድ ልብስ አይቀልም?

---

ጡረተኛው | ማታ 3፡11

ልጄ፣ አላገባህም።

---

መንቲና_ነኝ | ማታ 3፡30

የአልጋውን ባላውቅም ስለ አምፖሉ እኔን ጠይቁኝ።

ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ “ስማርት” የሚሉት አምፖል አመጣልን። በስልክ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ቀለም ይቀይራል። የመጀመሪያው ሳምንት ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ሐምራዊ አድርጊው፣ አረንጓዴ አድርጊው። እማዬ ብቻ “ማብሪያ ማጥፊያው ምን በደለ?” እያለች ትዞራለች።

ማንም ያልነገረን አንድ ነገር አለ። አምፖሉ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ ይበራል። በስልክ አጥፍተሽው ብትተኚም እሱ አያስታውስም። የተሠራው መብራት በማይጠፋበት አገር ነዋ! እኛ ጋ ደግሞ ታውቃላችሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት መብራት መጣ። ክፍሉ ቦግ አለ። በዚያ ላይ የመጨረሻው ቀለም ቀይ ነበር። እማዬ ቢስሚላሂ ብላ ብድግ። እኔ ስልኬን እፈልጋለሁ። ስልኬ ተገኘ፣ ዋይፋዩ ገና አልተነሳም። አምፖሉ እኔን አያውቀኝም። እማዬ ወንበር ላይ ወጥታ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ፈታችው። ጠዋት ያገኘሁት ባቄላ ጆንያ ውስጥ ነው።

እስከ ዛሬ እዚያው ነው ያለው። ባቄላ ልታወጣ ስትገባ በጎን እያየችው ነው።

---

ስም_አይጠየቅም | ማታ 3፡33

ባቄላ ጆንያ ውስጥ ሃሃሃሃ። ኦፍላይን ሞድ ማለት ይህ ነው።

---

ሲስተም_የለም | ማታ 3፡40

እኔን የገረመኝ አሜሪካኖቹ መገረማቸው ነው። አንድ ቀን “ሲስተም የለም” ቢባሉ ጋዜጣው ሁሉ ጮኸ። እኛ በዚህ ትምህርት ዶክትሬት አለን።

ባለፈው ወር አንድ ባንክ ሄድኩ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ገና ደረጃውን ስወጣ ጥበቃው ከሩቅ እጁን አወዛወዘልኝ። አልተናገረም። እጁን ብቻ እንዲህ፣ ግራና ቀኝ። ገባኝ። ተመለስኩ። ከኋላዬ የነበሩት እናት ደግሞ እሱን ሳይሆን እኔን አይተው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰውዬ እሳቸውን አይቶ። ይህን የመሰለ ፈጣን ኔትወርክ የት አለ?

ባጃጅም እንደዚያው። በስልክ ልከፍል አልኩ፣ ኔትወርክ የለም። ባለ ባጃጁም ዝርዝር የለውም፣ ብሩም ትልቅ ነው። እስኪመጣ ብለን ቡና ተቀመጥን። እሱ አቦል፣ እኔ አቦል። እሱ ቶና፣ እኔ ቶና። በረካው ላይ ኔትወርኩ መጣ። የቡናው ሒሳብ ከታሪፉ በለጠ። ቁጥሩን ተቀያይረን ተለያየን፤ አሁን ጓደኛዬ ነው።

---

ዝናብ_አያባራም | ማታ 3፡44

በፈረንጆቹ ጥቅምት 2021 ፌስቡክ ስድስት ሰዓት ያህል የጠፋ ጊዜ እኮ የራሳቸው ሠራተኞች ቢሮ መግባት አቃታቸው ተብሎ ነበር። መታወቂያ ካርዳቸውን የሚያነበው በርም በዚያው ኔትወርክ ነው የሚሠራው። ሰርቨሩን ለማስተካከል መግባት አለብህ፣ ለመግባት ሰርቨሩ መስተካከል አለበት።

እኛ ጋ ቢሆን ዘበኛው “አውቅሃለሁ፣ ግባ” ይልህ ነበር። ማን ይሆን ዘበኛን በካርድ የቀየረው?

---

ጀበና418 | ማታ 4፡02

ማንም ሳያነሳው ሊያልፍ ነው ብዬ ሰጋሁ። ስሜን ያያችሁ ሁሉ “418 ምንድነው፣ የታርጋ ቁጥር ነው?” ትሉኛላችሁ። ዛሬ ልናገር።

በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1 ቀን 1998 አንድ የኢንተርኔት ደንብ ወጣ። ቁጥሩ 2324። ቡና ማፍያ በኢንተርኔት እንዴት እንደሚታዘዝ የሚደነግግ ነው። ቀኑን አይታችሁታል፣ ቀልድ ነው። ግን ቀልዱ በሥርዓት ነው የተጻፈው። ገጹ ሲጠፋ 404 እንደሚለን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያን “ቡና አፍላ” ብለህ ብታዘው 418 ብሎ ይመልሳል። “እኔ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነኝ” ማለት ነው። በ2017 ቁጥሩ ከፕሮግራሞች ይውጣ ሲባል አንድ የ15 ዓመት ልጅ ዘመቻ ከፈተ፤ ሳይወጣ ቀረ።

ይህን ሳነብ ወዲያው እማዬ ትዝ አለችኝ። ልጅ ሆኜ ጀበና ውስጥ ሻይ ቅጠል ጨምሬ ጥጄ አገኘችኝ። ጀበናው ቡና ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሽታው አይለቅም። የመለሰችልኝን ቁጥር እዚህ መጻፍ አይቻልም። ሞደሬተሩ ያግደኛል።

ሌላም አለ። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1991 የኮምፒውተር ሰዎች ቡና ፍለጋ ፎቅ ለፎቅ ወጥተው ወርደው ማፍያው ባዶ ሆኖ ማግኘት ሰለቻቸው። ካሜራ ደቀኑበት። ምስሉ 128 በ128 ፒክስል ነው፣ ቀለም የለውም። በ1993 ዌብ ላይ ወጣና ዓለም ሁሉ የሰው ቡና ማየት ጀመረ። የመጀመሪያው የኢንተርኔት ካሜራ የሚባለው እሱ ነው። በ2001 ሲዘጋ ማፍያው ኢቤይ ላይ በ3,350 ፓውንድ ተሸጠ።

አሁን እዩልኝ። እንግዲህ ያን ሁሉ የደከሙት ቡናው መድረሱን ለማወቅ ነው። እኛ ሰፈር ሲቆላ ጭሱ በአጥር ይገባል። ያ የመጀመሪያው ማሳወቂያ ነው። ሙቀጫው ሲመታ ሁለተኛው። ከዚያ ሕፃን ይላካል፤ በሩ ላይ ቆሞ “ቡና ጠጡ ብላችኋለች” ይልና መልስ ሳይጠብቅ ይሮጣል። ባትሪ አይጨርስ፣ ፓስወርድ አይጠይቅ።

---

መንቲና_ነኝ | ማታ 4፡06

መልስ ሳይጠብቅ የሚሮጠው ልጅ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን የተሳሳተ በር አንኳኩቼ የተኳረፉ ሰዎች አስታርቄያለሁ።

---

ኮድ_ጠጋኝ | ማታ 4፡15

ቡና ከተነሳ አይቀር፣ ይህን ቂም ለዓመታት ይዤው ኖሬያለሁ።

ጃቫ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ1995 ሲወጣ ስሙን ከቡና ነው የወሰደው። አርማው ሳይቀር ጭስ ያለው ሲኒ ነው። ጃቫ ደሴት ግን ቡናን ያየችው ሆላንዶች ወስደው ሲተክሉባት ነው። የኛ ጫካ ውስጥ ሲበቅል የነበረው ነው ዞሮ ዞሮ እዚያ የደረሰው።

የሚያናድደው ግን ይህ ብቻ አይደለም። ከጃቫ በፊት የቋንቋው ስም ኦክ ነበር። ኦክ ምንድነው? ዛፍ! ጣውላ! ሰዎቹ መጀመሪያ በጣውላ ሰየሙት፣ ከዚያ በቡና ሰየሙት። ጣውላና ቡና አንድ ላይ የሚገኝበት ከተማ የት ነው? አቦ፣ በቀጥታ ጅማ ብለውት ቢሆን አንድ ጊዜ አይገላገሉም ነበር?

---

የአናጢ_ልጅ | ማታ 4፡18

ለአባቴ አሁኑኑ ነገርኩት። “ኦክ ዋንዛን ያህላል?” አለኝ። አላውቅም አልኩት። “እንግዲያ ደግ አደረጉ የቀየሩት” አለ።

---

ቦንጋ_ነኝ | ማታ 4፡20

ይቅርታ፣ አንድ እርማት። የቡናው ነገር ከተነሳ ስሙ “ካፋ” ነው መሆን የነበረበት።

---

ጀንፈል | ማታ 4፡21

ጀመረ።

---

ኮድ_ጠጋኝ | ማታ 4፡23

ወንድሜ አክብሬህ ነው፣ ግን ጮጬ እዚህ አጠገባችን እያለ

---

ቦንጋ_ነኝ | ማታ 4፡23

ማንኪራ ሄደህ ታውቃለህ?

---

ሞደሬተር | ማታ 4፡25

ማስጠንቀቂያ። ይህ ክር ስለ አልጋ ነው። “ጮጬ ነው፣ ማንኪራ ነው” የሚለው የራሱ ክር አለው፤ ባለፈው ክረምት ተከፍቶ እስካሁን አልበረደም። እዚያ ሂዱ። ከዚህ በኋላ እዚህ የቡና መገኛ የሚል ሰው ለ24 ሰዓት ሻይ ይጠጣል።

---

ቦንጋ_ነኝ | ማታ 4፡27

እሺ። ስለ አልጋው፦ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። አሁን ደግሞ ቁርበቱ ዋይፋይ ይኑረው ይላል።

---

ሞደሬተር | ማታ 4፡28

ይህ ይፈቀዳል።

---

ኮድ_ጠጋኝ | ማታ 4፡50

ትንሽ በቁምነገር። ስልክህ ኮመዲኖው ላይ ነው። አልጋው ከኮመዲኖው አንድ ክንድ አይርቅም። ለምን ትእዛዙ ቨርጂኒያ ሄዶ ይመለሳል?

አንዳንዱ ምክንያት እውነት ነው። ከቤት ውጭ ሆነህ ልታዘው ትችላለህ፣ የእንቅልፍህ መረጃ ይቀመጥልሃል፣ ለፕሮግራመሩም ይቀላል። ይህን የምለው ራሴ እንዲህ ዓይነት ኮድ ጽፌ ስለማውቅ ነው። ግን ኩባንያው በጥድፊያ የብሉቱዙን መንገድ ካወጣው፣ ቀድሞም ይቻል ነበር ማለት ነው። አልፈለጉትም። አልጋው በቀጥታ ከሰማህ ወርሃዊውን ለምን ትከፍላለህ? እኔ የሚታየኝ እንደዚያ ነው፤ የተለየ የሚያውቅ ካለ ይናገር።

ደግሞ ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። ጁሴሮ የሚባል የጁስ መጭመቂያ ነበር። ዋጋው መጀመሪያ 699 ዶላር፣ ኋላ 400 ገደማ። ዋይፋይ አለው። የሚጨምቀው ራሱ ኩባንያው አሽጎ የሚሸጠውን ከረጢት ብቻ ነው። በ2017 ጋዜጠኞች ከረጢቱን በእጃቸው ጨመቁት። ወጣ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ተዘጋ።

---

ሲስተም_የለም | ማታ 4፡53

በእጃቸው ጨመቁት። ኪኪኪ። የጁስ ቤቱ ልጅ ይህን ሲሰማ የደመወዝ ጭማሪ ይጠይቃል።

---

ጡረተኛው | ማታ 5፡02

ለባለቤቴ አነበብኩላት። “እኔ መቼ ጎተትኩ?” አለች። አሁን ብርድ ልብሱ ሙሉ በሙሉ እሷ ጋ ነው። እናንተ ናችሁ ያስያዛችሁኝ።

---

የአናጢ_ልጅ | ማታ 5፡20

ጋሼ ይቅርታ። አባቴ “ለሳቸው ሰፊ አልጋ እሠራለሁ፣ መሀሉ ላይ ጣውላ ይገባል” ብሏል። ቀልዱ ይሁን ቁም ነገሩ አልገባኝም፤ ሜትር አንስቷል።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ክሩን የከፈትኩት ልስቅ ነበር። ማታ ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ዝም ብሎ ነው የሄደው። ፈረንጅ አራዳ ጋ ስንደርስ ቆመና፣ “ያ አልጋ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?” አለኝ። ኩባንያው አልኩት። “ኩባንያው የት ነው?” አሜሪካ። ራሱን ነቀነቀ። እሱ የሠራው አልጋ ከ15 ዓመት በኋላ እግሩ ላልቶ ሲመጣ ያወቀውን አይቻለሁ። የሰውየውን ስም ረስቶታል፤ እንጨቱን ግን ከየት እንደገዛው ተናገረ።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰውዬ ዛሬ ከሰዓት አንድ ወጣት ደንበኛ መጥቶ “ራስጌው ላይ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ይኑረው” ሲለው ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ይቆጣል ብዬ ነበር። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና “በየት በኩል ነው የምትተኛው?” አለው። ልጁ በቀኝ አለ። በግራ በኩል ምልክት አደረገለት። ለምን ስለው፣ “በቀኝ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ሲነካ ያድራል። እንዲገላበጥ ነው” አለኝ።

ለጠየቃችሁኝ፣ የአልጋው ዋጋ

---

የአናጢ_ልጅ | ማታ 5፡24

መብራት ሄደ። ስልኬ 4 በመቶ ነው። ዋጋውን ነገ።

---

ሞደሬተር | ማታ 5፡26

እዚህ ዕቃ መሸጥ ክልክል ነው። በውስጥ መስመር ላክልኝ።